በ11 ዓመቱ ያረጀ የአስፋልት ሺንግል ጣሪያ፦ የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሦስት ጣሪያዎችን ይመለከታል፤ እነሱም ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ፎቅ የሌለው ክንፍ እና ለብቻው የቆመ ጋራዥ ናቸው። ሦስቱም የተሸፈኑት ከአንድ ጭነት በመጣ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር በሚያደላ ባለ ድርብ የአስፋልት ሺንግል (በረድፍ እየተደራረበ የሚቸነከር ስስ የጣሪያ ልባጭ) ሲሆን፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ዋስትና 30 ዓመት ይላል። በ11ኛው ዓመት ግን ከቤቱ ምዕራባዊ ገጽ ላይ ሺንግሎች በነፋስ እየተነሡ መውደቅ ጀመሩ፤ አሸንዳው ውስጥ ጥቁር የጠጠር ቅንጣት ተጠራቀመ፤ ከፎቁ መታጠቢያ ክፍል በላይ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ የውሃ እድፍ ወጣ፤ የክንፉ ጣሪያም ከላይ እስከ ታች የተላጠ መስመር አበጀ። አካባቢው ቀዝቃዛው ወራት ውርጭ፣ ሞቃታማው ወራት ደግሞ ኃይለኛ ፀሐይ ያለበት ነው።

የቤቱ ባለቤት ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በፋብሪካው ላይ አድርገው ነበር። ዋጋ እንዲሰጥ የተጠራው የመጀመሪያው ሥራ ተቋራጭ አንገቱን ወደ ኮርኒሱ ቀዳዳ አስገብቶ ካየ በኋላ ጣሪያው አየር ስለማያገኝ ከሥር እየተቀቀለ ነው አለ። ሁለተኛው በሺንግሎቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉድጓዶች አይቶ የበረዶ ጠጠር የመታው ጣሪያ ነው ሲል ደመደመ። በምክንያቱ ባይስማሙም ሁለቱም ያቀረቡት መፍትሔ አንድ ነበር፤ ሁሉንም አንሥቶ እንደ አዲስ መሥራት።

እነዚህ ማብራሪያዎች የሚጋሩት ጉድለት አለ። ሦስቱም ጣሪያውን እንደ አንድ ወጥ ነገር ቆጥረው ለሁሉም ምልክት አንድ ምክንያት ይፈልጉለታል። እዚህ ግቢ ውስጥ ግን አንዱን ከሌላው ለማነጻጸር የሚያስችል ነገር ሞልቶ ነበር። የቤቱ አንድ ገጽ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ያያል፤ ጋራዡም እንዲሁ። ቤቱ ኮርኒስና የሙቀት መከላከያ አለው፤ ጋራዡ ግን ሁለቱም የሉትም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በጋራዡ ጥግ፣ ከብርሃን ርቆ፣ ከዚያው ጭነት የተረፈ ያልተከፈተ አንድ ጥቅል ሺንግል መገኘቱ ነው። ዕቃው አንድ ሆኖ የእርጅናው መጠን ከገጽ ገጽ ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው ዕቃው ራሱ ሊሆን አይችልም፤ ምርመራውም የተመራው በዚህ ሐሳብ ነው።

ፀሐይ የበላው ገጽ

የአስፋልት ሺንግል ጀርባ አጥንቱ ስስ የፋይበርግላስ ንጣፍ ነው። በንጣፉ ላይ ግራና ቀኝ የሚቀባው አስፋልት ትኩስ አየር እየተነፋበት የጠነከረ ሲሆን፣ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ከላይ የሚነሰነሱት በቀለም የተለበጡ የጠጠር ቅንጣቶች ለብዙ ሰው ጌጥ ይመስላሉ፤ ዋነኛ ሥራቸው ግን አስፋልቱን ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር መጋረድ ነው። እርጅና የሚጀምረው ሙቀቱ በአስፋልቱ ውስጥ ያሉትን ቀላል ዘይቶች ሲያተን፣ የአየሩ ኦክስጅንም ከቀረው ጋር ሲዋሃድ ነው። አስፋልቱ በዚህ ጊዜ እየደረቀና እየተኮማተረ ይሄዳል፤ የደረቀ አስፋልት ጠጠሩን አጥብቆ መያዝ ስለማይችል ቅንጣቶቹ ይረግፋሉ፤ የተራቆተው ቦታ ደግሞ ጨረሩን በቀጥታ ስለሚቀበል ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት ይደርቃል። ጠቆር ያለ ሺንግል ፀሐይ በበረታችበት ቀን ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ በዚያ ላይ ድንገተኛ ዝናብ ሲወርድበት በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። ለስላሳው አዲስ አስፋልት ይህን መለጠጥና መሰብሰብ ይችለዋል፤ የደረቀው ግን ይሰነጠቃል።

ይህ በእጅ ሊዳሰስ የሚችል ነገር ስለሆነ፣ ከቤቱ ምዕራባዊ ገጽ፣ ከምሥራቃዊው ገጽና ከተረፈው ጥቅል ተመጣጣኝ ቁራጮች ተወስደው፣ ሙቀታቸው እኩል እንዲሆን አንድ ክፍል ውስጥ አደሩ። በማግስቱ እያንዳንዱን በመጥረጊያ እንጨት ዙሪያ ቀስ አድርጎ ማጠፍ በቂ ነበር። ከጥቅሉ የወጣው ጥቂት ጠጠር ከማራገፉ በቀር ያለ አንዳች ድምፅ ታጠፈ። የምሥራቁ በመታጠፊያው ጀርባ ላይ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች አወጣ፤ ነገር ግን አልተሰበረም። የምዕራቡ ገና በትንሽ መታጠፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ የስብራቱ ፊትም የሚያብረቀርቅ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ደብዛዛ ግራጫ ነበር። ይህ ሙከራ የቤተ ሙከራ ትክክለኛነት የለውም፤ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላስፈለገም።

የተቋራጩ የአየር ማናፈሻ ክርክር የሚፈተነው ከዚህ በኋላ ነው። የጋራዡ ምዕራባዊ ገጽ ቁራጭ በዚያው እንጨት ላይ ሲታጠፍ ልክ እንደ ቤቱ ምዕራባዊ ገጽ ተሰበረ። ጋራዡ ኮርኒስ የለውም፤ የበሩና የግድግዳው ክፍተቶች ነፋስ እንደልቡ ያስገባሉ፤ ከዚህ የበለጠ የተናፈሰ ጣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ሺንግሉን ያደረቀው ከሥር የታፈነ ሙቀት ቢሆን ኖሮ የጋራዡ በጉልህ በተሻለ ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረጉ ልኬቶችም የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ አየር ማናፈሻ የሺንግሉን ሙቀት የሚቀንሰው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ የቀለሙ ጥቁረት፣ ገጹ የሚያይበት አቅጣጫና የአካባቢው አየር ጠባይ ከዚያ የላቀ ድርሻ አላቸው። በሙያው ውስጥ የሚጠቀሰው የ300 ለ1 መጠን፣ ማለትም ለ300 ካሬ ሜትር ኮርኒስ 1 ካሬ ሜትር የአየር ቀዳዳ የሚለው ደንብ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች መመዘኛ ውስጥ ሲገባ የታሰበው ለእርጥበት ነበር፤ የሺንግል ዕድሜ በኋላ የተጨመረ ምክንያት ነው። በእኔ አስተያየት አየር ማናፈሻ ከሚገባው በላይ የሚወቀሰው፣ ማንም ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ሊናገረው የሚችለው ምክንያት ስለሆነ ነው።

ስለዚህ የምዕራቡ ገጽ ከምሥራቁ ቀድሞ ማርጀቱ የከሰዓት በኋላ ፀሐይና የተመረጠው ጥቁር ቀለም ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ አየሩ ራሱ ከጠዋቱ ስለሚሞቅ፣ የምዕራቡ ገጽ ጨረሩንና ከፍተኛውን ሙቀት በተመሳሳይ ሰዓት ይቀበላል። ሆኖም የደረቀ ሺንግል ሁሉ አይበርም። የጋራዡ ምዕራባዊ ገጽ የዚያኑ ያህል ደርቆ እያለ አንድም ሺንግል አልጎደለበትም ነበር፤ ከቤቱ ላይ ግን በየነፋሱ ይረግፋል። የጉዳዩ ዋና ጥያቄም ይኸው ነው።

ሚስማሩና ማጣበቂያው

ሺንግል ጣሪያ ላይ የሚቆየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሚስማር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በፋብሪካ የሚቀባ የአስፋልት ማጣበቂያ መስመር ሲሆን፣ ይህም የላይኛውን ረድፍ የታችኛ ጠርዝ ከሥሩ ካለው ሺንግል ጋር ያያይዘዋል። ነፋስ ጣሪያን የሚያጠቃው ጠርዙን አንሥቶ ከሥሩ በመግባት ስለሆነ፣ ጠርዙን ተጭኖ የሚይዘው ማጣበቂያው እንጂ ከበላዩ ያለው ሚስማር አይደለም። ሚስማሩ ሺንግሉ እንዳይንሸራተትና ማጣበቂያው በሚጎተትበት ጊዜ እንዳይነቀል መልሕቅ ይሆነዋል።

በቤቱ ምዕራባዊ ገጽ ላይ ጠርዞቹን በጣት ጫፍ ማንሣት ሲሞከር አብዛኞቹ ያለ ምንም ተቃውሞ ተነሡ። ከሥራቸው ያለው የማጣበቂያ መስመር እንደተቀባ የቀረ ነበር፤ ገጹ በደቃቅ አቧራ ተሸፍኗል፣ እዚህም እዚያም የነፍሳት ክንፍና የዛፍ ብናኝ ተለጥፎበታል፣ ከላይኛው ሺንግል ጀርባ ጋር ተጣብቆ እንደሚያውቅ የሚያሳይ የመላጥ ምልክት ግን የለም። አንድ ጊዜ ተጣብቆ በነፋስ የተላቀቀ ማጣበቂያ የላይኛውን ሺንግል ጀርባ ይዞ ይላጣል፤ ይህ ግን መጀመሪያውኑም አልያዘም። ጥቂቶቹ ሺንግሎች ከጠርዛቸው ከፍ ብሎ አግድም የመታጠፍ ጠባሳ ነበረባቸው፤ በጠባሳው ላይ ጠጠሩ ረግፎ ፋይበርግላሱ ይታያል። ነፋስ ሺንግሉን ደጋግሞ ሲያነሣና ሲመልስ የሚታጠፈው በዚያ መስመር ላይ ስለሆነ፣ በመጨረሻ የሚቀደደውም እዚያው ላይ ነው።

ማጣበቂያው ያልያዘበት ምክንያት ባለቤቱ ካስቀመጧቸው ደረሰኞች ተገኘ። የቤቱ ጣሪያ የተሠራው ቅዝቃዜው ሊገባ ሲል ነው፤ የጋራዡ ደግሞ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ በዚያው የሠራተኞች ቡድን። ማጣበቂያው እንዲለሰልስና እንዲይዝ በተለምዶ 21 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና የቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል። በቅዝቃዜ የተነጠፈ ሺንግል ሙቀቱ እስኪመጣ ድረስ ወራት ይጠብቃል፤ በእነዚያ ወራት ነፋስ ጠርዞቹን እያነሣ አቧራ ይሞላባቸዋል፣ ፀሐዩ ሲመጣም የሚለሰልሰው ማጣበቂያ የሚያገኘው አቧራ ነው። አምራቾች በብርድ ወቅት ለሚሠራ ሥራ ከእያንዳንዱ ሺንግል ሥር ሳንቲም የሚያክሉ የአስፋልት ሲሚንቶ ጠብታዎች በእጅ እንዲደረጉ የሚያዝዙት ለዚህ ነው። እዚህ ቤት ላይ ግን አንድም ጠብታ አልተገኘም። ሥራው አድካሚ ስለሆነና ከመሬት ሆኖ ስለማይታይ ሳይሠራ ማለፍ ይቀናል።

ከዚያም ወደ ሚስማሮቹ ሄድን። ድርብ ሺንግል የሚባለው ሁለት ንጣፎች በጠባብ መስመር ላይ ተደራርበው የተጣበቁበት ነው፤ ሚስማሩ በዚያ ምልክት ባለው መስመር ላይ ሲመታ ሁለቱንም ንጣፎች፣ ከሥር ያለውንም ረድፍ የላይኛ ጠርዝ ጭምር ይወጋል። ቤቱ ላይ በእያንዳንዱ ሺንግል 4 ሚስማር ተመትቷል፤ ለተለመደ ተዳፋትም የሚፈለገው ይኸው ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ቦታው ግን የተሳሳተ ነበር። አብዛኞቹ ሚስማሮች ከመስመሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው በመመታታቸው የታችኛውን ንጣፍ ጨርሶ አላገኙትም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ሺንግል ግማሽ አካል የተንጠለጠለው በፋብሪካው ሙጫ ብቻ ነበር። በአየር ግፊት የሚሠራው የሚስማር መምቻ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ተከፍቶ ስለነበረም፣ በርካታ የሚስማር ራሶች ፋይበርግላሱን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆርጠው ሰምጠዋል። ሚስማሩ በዚህ ጊዜ በቀዳዳ ውስጥ የቆመ እንጂ ሺንግሉን የያዘ አይደለም።

እዚህ ላይ ጋራዡ ለሁለተኛ ጊዜ ጠቀመ። በጋራዡ ላይ የተነሡት ጥቂት ሺንግሎች ሚስማራቸው ልክ እንደ ቤቱ ከመስመሩ ከፍ ያለ ነበር፤ ያው እጅ፣ ያው ልማድ። ማጣበቂያቸው ግን ይዟል፤ በጣት አይነሡም። ስለዚህ ከፍ ብሎ የተመታ ሚስማር ብቻውን ሺንግሉን አላበረረውም። ያልያዘ ማጣበቂያ ብቻውንም ቢሆን አላበረረውም ማለት ይቻላል፤ የቤቱ ምሥራቃዊ ገጽ ብዙ ያልተጣበቁ ሺንግሎች ቢኖሩበትም ነፋስ አዘውትሮ የሚመጣው ከምዕራብ ስለሆነ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። የምዕራቡን ገጽ የለየው ያልያዘ ማጣበቂያ፣ የተሳሳተ ሚስማር፣ የደረቀ አስፋልትና የነፋሱ አቅጣጫ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው። ከአራቱ ሰው ሊቆጣጠራቸው ይችሉ የነበሩት ሁለቱ የተወሰኑት ጣሪያው በተሠራበት ወቅት ነበር።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የነፋስ ፍጥነት ቁጥርም መታየት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። በደረጃ ፍተሻ ላይ ሺንግሉ ነፋስ ከመነፋቱ በፊት በ60 ዲግሪ ገደማ ለ16 ሰዓት ይቆያል፤ ዓላማው ማጣበቂያው እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ የሚስማሩም ቦታ በመመሪያው መሠረት ነው። ቁጥሩ ስለዚያ ሺንግል እውነት ይናገራል፤ በብርድ ስለተነጠፈውና ከመስመር ውጭ ስለተቸነከረው ግን ምንም አይልም። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ጥናቶችም ዕድሜ ባላቸው ጣሪያዎች ላይ በከፊል የተላቀቁ ሺንግሎች በብዛት እንደሚገኙና ይህም ለነፋስ ጉዳት እንደሚያጋልጣቸው አሳይተዋል።

ዝናብ ያላመጣው እድፍ

ከመታጠቢያ ክፍሉ በላይ ያለው እድፍ ከሺንግሎቹ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ባለቤቱ ሲጠየቁ እድፉ የሚሰፋው በዝናብ ቀን ሳይሆን ከከባድ ውርጭ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ መሆኑን አስታወሱ፤ ይህ አንድ መረጃ ግማሹን ሥራ ሠራ። ከኮርኒሱ በላይ ሲታይ የመታጠቢያ ክፍሉ የእንፋሎት ማውጫ ቱቦ ከቤት ውጭ እንደመውጣት እዚያው ባዶ ቦታ ውስጥ ያበቃል። በቅዝቃዜ ጊዜ እንፋሎቱ ሺንግሉ ከተቸነከረበት ፕላይውድ ሥር ብቅ ባሉት የሚስማር ጫፎች ላይ ይረጋል፣ ከዚያም ሲሞቅ ቀልጦ ይንጠባጠባል። በጣሪያው ጠርዝ ሥር ያሉት የአየር መግቢያዎች ከጊዜ በኋላ በተጨመረ የሙቀት መከላከያ ሱፍ ተደፍነው ስለነበር እርጥበቱ መውጫ አላገኘም። በዚያ አካባቢ ያለው ፕላይውድ ጠቁሮ በካቻቪቴ ጫፍ ሲነካ ይሰምጥ ነበር፤ ሌላው ቦታ ደረቅ ነው።

ተቋራጩ ታዲያ አየር አለመኖሩን በትክክል አይቷል፤ ያያያዘው ከተሳሳተ ጉዳት ጋር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ አየር መሳቢያ ይገጠም ማለቱም መግቢያዎቹ በተደፈኑበት ሁኔታ ጉዳት ነበረው፤ መሳቢያው አየር የሚያገኘው ከአናቱ መውጫ ወይም በኮርኒሱ ስንጥቆች በኩል ከመኖሪያ ክፍሎቹ ስለሚሆን፣ ይበልጥ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይስባል።

የቀሩት ምልክቶች

በክንፉ ጣሪያ ላይ ያለው የተላጠ መስመር ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም። የላይኛው ጣሪያ አሸንዳ መውረጃ ቱቦው ያበቃው በክንፉ ሺንግል ላይ ነው፤ የአንድ ሙሉ ገጽ ዝናብ ለዓመታት በአንድ መስመር ሲወርድ ጠጠሩን አጥቦ ፋይበርግላሱን አወጣው።

የበረዶ ጠጠር ተብለው የተወሰዱት ጉድጓዶች ደግሞ የፈነዱ እባጮች ናቸው። በሺንግሉ ውስጥ የታመቀ እርጥበት ወይም ጋዝ ሲሞቅ አስፋልቱን ያሳብጠዋል፤ እባጩ ሲፈነዳ ጠርዙ ገደል የመሰለ ትንሽ ጉድጓድ ይተዋል። በረዶ የመታው ቦታ ግን ከላይ ተረግጦ የሰመጠ ሲሆን፣ በጀርባው ሲታይ ፋይበርግላሱ የተሰበረ ነው። እዚህ ከጀርባው ስብራት አልተገኘም፤ በዚያው ጣሪያ ላይ ያሉት የስስ ብረት ክዳኖችና አሸንዳውም አንድ ስርጉድ አልነበራቸውም። ሺንግልን የሚጎዳ በረዶ ብረቱን ሳይነካ አያልፍም። ከፋብሪካው ጋር ሊያያዝ የሚችል ነገር ካለ እነዚህ እባጮች ናቸው፤ ነገር ግን ጥቂትና የተበታተኑ ስለነበሩ ለጣሪያው ማርጀት ድርሻቸው አነስተኛ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው በምሥራቃዊው ገጽ ላይ ከዋናው በር በላይ ያለው ቦታ ነው። በጥሩ ሁኔታ ላይ ሊሆን የሚገባው ይህ ክፍል ከአካባቢው ይልቅ በጣም ሳስቶ ተገኘ። እዚያ ላይ የነበሩት ጥቁር ዝርግ መስመሮች ግሎዮካፕሳ ማግማ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ሲሆኑ፣ የሚመገበውም በአስፋልቱ ውስጥ ያለውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። መልኩን ያበላሻል እንጂ ጣሪያውን በጥቂት ዓመት አይጨርስም። ባለቤቱ ግን በከፍተኛ ግፊት ውሃ በሚረጭ ማሽን አስጠርገውት፣ ተሕዋሱ በአሥር ዓመት የማያደርሰውን ጉዳት ማሽኑ በአንድ ከሰዓት አድርሶታል። በለሰለሰ ግፊት የሚረጭ የበረኪና ውህድ በቂ ነበር።

ዋስትናውና ጥገናው

ባለቤቱ ለአምራቹ ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። የሺንግል ዋስትና የሚሸፍነው የምርት ጉድለትን ነው፤ ከመስመር ውጭ የተመታ ሚስማር ከተገኘ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ቢሸፈን እንኳ በብዙዎቹ ውሎች የሚከፈለው ድርሻ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በማሸጊያው ላይ ያለው 30 ዓመት የንግድ ውል ዘመን እንጂ ለዚህ አቅጣጫ፣ ለዚህ ቀለምና ለዚህ አየር ጠባይ የተሰላ ዕድሜ አይደለም። የጣሪያ ሠሪው የእጅ ሥራ ዋስትና ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። ባለቤቱ የተረፈውን ጥቅል፣ ለአዲስ ፋይበርግላስ ሺንግል የወጣው ኤ ኤስ ቲ ኤም (የዕቃ መመዘኛዎችን የሚያወጣ ድርጅት) ዲ 3462 ደረጃ በሚጠይቀው መሠረት ቤተ ሙከራ ለማስፈተሽ አስበው ነበር፤ በገጾቹ መካከል የታየው ልዩነት መልሱን ስለሰጠ ተውት።

ሁሉንም የማንሣት ሐሳብ ቀርቶ የቤቱ ምዕራባዊ ገጽ ብቻ በሞቃቱ ወራት እስከ ፕላይውዱ ተነሣ። የበሰበሰው ፕላይውድ ተቀየረ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሺንግል ነፋሱን ታሳቢ በማድረግ በ6 ሚስማር ተነጠፈ፣ የመምቻው ግፊትም በየጠዋቱ በቁራጭ ላይ እየተሞከረ ተስተካከለ። በምሥራቁ ገጽ ላይ የመታጠፍ ጠባሳ የሌለባቸው ሺንግሎች በእጅ ተጣበቁ፤ ጠብታው እንዳይበዛ ጥንቃቄ ተደርጓል፣ የበዛ የአስፋልት ሲሚንቶ ራሱ እባጭ ያመጣልና። የእንፋሎት ቱቦው በግድግዳ በኩል ወጣ፣ ሱፉ ከአየር መግቢያዎቹ ላይ ተነሥቶ አየሩ የሚያልፍበት መተላለፊያ ተበጀለት፣ የላይኛው አሸንዳም በቱቦ እስከ ታችኛው አሸንዳ ተቀጠለ። የኤሌክትሪክ መሳቢያው አልተገጠመም።

ጋራዡ እንዳለ ቢተው ገና ያገለግል ነበር፤ የእኔም ምክር ይኸው ነበር። ባለቤቱ ግን ከአዲሱ የቤቱ ገጽ ጋር ቀለሙ እንዲመሳሰል የምዕራባዊው ገጽ ሺንግል እንዲቀየር ወሰኑ። ሲነሣ ሠራተኞቹ ጠርዙን ለማላቀቅ ጠፍጣፋ ብረት ማስገባት ነበረባቸው፤ በብዙ ቦታም ማጣበቂያው ሳይለቅ የደረቀው ሺንግል ራሱ ይቀደድ ነበር። ከሥሩ የወጣው ፕላይውድ ንጹሕና ደረቅ ነው።